ልጆቹን ያልቆጠረ አባት

በአንድ ወቅት፣ ባቡር በሚያልፍባት አንዲት የቆላ ከተማ ልጆቹን የማይቆጥር አባት ነበረ። ስሙ አጥናፉ ይባላል። ሰው "ጋሽ አጥናፉ፣ ስንት ልጆች አሉህ?" ሲለው "የሰጠኝ ያውቃቸዋል" ብሎ ያልፋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ሦስት ሰው መድረሻ ያሳጣችው እሷ ናት።

እንዲህ የሆነው በክፋት አይደለም። ጎልማሳ ሳለ ቤት ለቤት የሚመዘግቡ ሰዎች መጥተው ይህንኑ ጠየቁት። ደስ ብሎት አምስት ጣቱን ዘርግቶ "አምስት!" አላቸው። ወር ሳይሞላ ሁለቱን ወባ ወሰዳቸው፤ አንዷን ማክሰኞ፣ አንዱን ዓርብ። ያን ቀን የዘረጋውን እጅ ሰበሰበው፣ ሁለተኛም አልዘረጋውም። ልጅ ያቀፈች ሴት ይህን ሰምታ "ከንቱ እምነት ነው" ለማለት አፏ አይደፍርም። እኔም አልደፍርም።

የአጥናፉን ኑሮ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ እሱ ሳይታወቅ ፍርዱ አይገባም። በወጣትነቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ በየትኛው ሐዲድ እንደሚሄድ የሚለየውን ረጅም ብረት የሚገፋው እሱ ነው። ቀጥሎ የወባ መድኃኒት ረጪ ሆነ። ከዚያ ፎቶ አንሺ። በስተርጅናው የእድር ጡሩምባ ነፊ። ሰፈሩ "አራት ሥራ ሠርቶ አንዱም ያልሆነለት" እያለ ይቀልድበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

"ለአራት ሰው የሚበቃ ድካም ደክሜያለሁ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ዕረፍት ስጡኝ" ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ሲሠራ የኖረው ባንዲት ክፍል ነው። የቀበሌ ቤት ናት፤ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ አንድ በር አንድ መስኮት። ታላቁ ልጅ ዘርጋው፣ ሴቷ ልጅ እቴነሽ፣ ትንሹ ጌጡ እዚያችው አደጉ። እናታቸው ጌጡን ጡት ሳታስጥል ነው የሞተችው።

አሁን መድረሻ ያጡትን ሦስቱን ልንገራችሁ። የምነግራችሁ በደረሱበት ተራ ነው፤ የማዳላ እንዳይመስላችሁ።

ዘርጋው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱን ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ተረኛ ነውና ግን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ወደ ብረቱ ሄደ። ገፋው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ዳር የደረሰ መሰለው፤ አልደረሰም። ባቡሩ መጣ። ሁለት ፉርጎ ተገለበጠ፣ አንድ ሠራተኛ ሞተ። ሰው ሳይሰበሰብ ዘርጋው ሮጦ ደረሰና የአባቱን ጣቶች ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀ።

"ቤት ግባና ተኛ።"

"እኔ ነኝኮ፣ ልጄ! የገፋሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ከታሰርህ እነዚህን ማን ያበላል? ግባ ብዬሃለሁ!"

በዕድሜው አባቱን ያዘዘው ያን ቀን ብቻ ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ብረቱን ጨብጦ ቆሟል። "አባቴ ታሞ ተኝቷል፤ ተክቼው የቆምኩት እኔ ነኝ" አላቸው። ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሲፈታ ሳል ይዞ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ሳምንት ተቀመጠ። አባቱ ግን ዓይኑን ማየት አቃተው፤ ምግብ ሲቀርብ እየተነሳ ይወጣል። ዘርጋውም "ፊቴ ገበታውን መረዘው" ብሎ ሄደ። ሃያ ዓመት በየመንገድ ሥራው ድንጋይ ሲፈልጥ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። የአባቱን ሞት ሰምቶ የደረሰው በሰልስቱ ነው።

አጥናፉ ያንን ብረት ዳግመኛ አልነካም። በገዛ ፈቃዱ ከባቡሩ ወጥቶ የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዘለ። በየመንደሩ እየዞረ ይረጫል፤ የረጨውን ቤት በር ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል። የሰውን በር ሁሉ ቆጠረ፤ የራሱ ጋ ሲደርስ ግን መስቀል አድርጎ አለፈው። "ሁለቱን የወሰደብኝን ትንኝ እያሳደድኩ ነው" ይል ነበር።

ጉልበቱ ሲደክም የእንጨት ሣጥን ያላት የፎቶ ማንሻ ገዛ። እዚህ ላይ እቴነሽ ትመጣለች።

የድሮው ፎቶ እንዴት እንደሚታጠብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁ፣ ፎቶው የሚታጠበው እዚያው ሣጥኑ ውስጥ በጨለማ ነው። በሣጥኑ ጎን ጥቁር የጨርቅ እጅጌ አለ። አጣቢዋ ሁለት እጇን በእጅጌው አስገብታ በዳሰሳ ትሠራለች። እጇን ድንገት ብታወጣ ብርሃን ይገባል፤ ውስጥ ያለው የሰው ፊት ሁሉ ይጠቁራል። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ስላልተወው አጣቢዋ እቴነሽ ሆነች።

አንድ ዓመት ክፉ ድርቅ ነበር። የእርዳታ ስንዴ የሚሰጠው መታወቂያ ላለው ብቻ ሆነ፤ መታወቂያ ደግሞ ያለ ፎቶ አይሆንም። በመጨረሻው ቀን ከገጠር በእግራቸው የመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። የአሥራ ሁለት ሰው ፎቶ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱም አልቋል፣ ሌላ የለም። አባቷ ማጠቢያውን ሲጨምር እጁ ተንቀጠቀጠና መድኃኒቱ ሁለት ዓይኗ ውስጥ ተረጨ።

"አውጪ! እጅሽን አውጪና ታጠቢ!"

"ቆይ አባዬ።"

"እቴነሽ!"

"አሥራ ሁለት ሰው ነው አባዬ። ቆይ።"

ዓይኗ እየተቃጠለ፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ እጇ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ጨረሰች። አሥራ ሁለቱም ሰዎች ስንዴ ተቀበሉ። እሷ ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት እየደበዘዘባት፣ ዛሬ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለት ጊዜ "አባቴን ለማን ጥዬ?" አለች። ሃያ ዓመት ስትጦረው ኖረች። የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ግን አልነበረችም፤ ጸበል ሄዳ ነበር። ለምን እንደሄደች ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛዋ ውድነሽ ናት፤ የጌጡ ሚስት። ከደም የለችበትም። ጌጡ አግብቷት እዚያችው ክፍል መጋረጃ ጋርደው ተቀመጡ። ስታረግዝ ጌጡ "ልጄ እንደኔ በመጋረጃ አያድግም" ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በበረሃው በኩል ወደ ባሕር ሄደ። እነሆ ዓመት አለፈው፤ ደውሎም ልኮም አያውቅም። ልጁ ተወለደ። አያቱ ማስረሻ አለው።

ያኔ አጥናፉ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ፎቶው በስልክ ሲሆን ሥራ ፈታና የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ጡሩምባዋን ሰጡት። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር እየነፋ "እገሌ አርፏል፤ ቀብር በስድስት ሰዓት!" እያለ ይጠራል። ከእድሩም መዋጮ ነፃ ያደረገው፣ ሲሞትም ድንኳንና ቀባሪ የሚያገኝበት ይኸው ሥራ ነው። አንድ ማለዳ ግን ትንፋሹ አልበቃ አለው። ነፋ፤ ጡሩምባዋ አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

"ለሰው ሁሉ ጠርቼ እኔ ሳይጠራልኝ ልቀበር ነው።"

ውድነሽ ጡሩምባዋን ከእጁ ወሰደች። የአርባ ቀን አራስ ነበረች። ልጇን አዝላ ወጣችና ነፋች። እስከዚያ ቀን በዚያ ከተማ ሴት ጡሩምባ ነፍታ አታውቅም። በየደጁ ሳቅ ሆነ።

"ጉድ ነው ዘንድሮ! እናት ዶሮ ጮኸች!"

"ሟቿን ልትቀሰቅሺያት ነው፣ አንቺ?"

"እርስዎን ቀሰቀስኩ፣ ይበቃኛል" ብላ አለፈች። "እትዬ ደብሪቱ አርፈዋል፤ ቀብር በስድስት ሰዓት!"

ስድስት ወር በእሱ ፈንታ ነፋች። በየቤቱ ሕፃን አዝሎ ለሬሳ ጥሪ መዞር ይከብዳል፤ ምች ይመታዋል፣ ጥላ ያርፍበታል እያሉ አስፈራሯት። ፈራች። እየፈራች ነፋች።

አንድ ማለዳ የጎረቤት ሽማግሌ ሞቱና ልትጠራ ወጣች። አጥናፉ አልጋው ላይ ተቀምጦ "የላይኛውን ሰፈር እንዳትረሺ" አላት። ስትመለስ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ሞቷል። ማንም አጠገቡ አልነበረም። ዓይኑን ገጠመችለት። ጡሩምባዋን ከአንገቷ አላወረደችም፤ ተመልሳ ወጣች። ሰፈሩ በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ ሰማ። "ምነው፣ ቅድም ነግራን አልነበረም?" እያለ ሰው ወደ በሩ ወጣ።

"አቶ አጥናፉ አርፈዋል!" ትላለች። "ጠሪያችሁ አርፈዋል!"

ከዚህ በላይ ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አርባው እንደወጣ የቀበሌው ቤቶች ጉዳይ ሠራተኛ መዝገቡን ገለጠ። የአጥናፉ ስም አለ። "የቤተሰብ ብዛት" በሚለው ሥር አንዲት ሰረዝ ብቻ ተሰምራለች። በየዓመቱ ተጠይቆ በየዓመቱ "የሰጠኝ ያውቃቸዋል" እያለ መልሷቸው፣ መዝጋቢውም ሰልችቶት ሰረዝ አድርጎ ትቶታል። በወረቀቱ መሠረት አጥናፉ አልወለደም።

"ልጁ ነኝኮ!" አለች ለሐዘኑ ከጸበል የተመለሰችው እቴነሽ። "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!"

"ሰፈሩ አይፈርምም፣ እህቴ። ሦስት የሀገር ሽማግሌ ለአንድ ሰው ይመስክሩና ይፈርሙ። አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ። እስከ ዓርብ ካልመጣ ቤቱ ይታሸጋል፣ ለተራ ጠባቂ ይሰጣል።"

ዓርብ ከሰዓት አቶ ወንድይፍራው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እዚያችው ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሦስቱን አስቀርበው አንድ በአንድ ጠየቁ።

"ዘርጋው፣ አንተ ምን ትላለህ?"

"እኔ በሽተኛ ነኝ፣ ጋሼ። የሳንባ ነው። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ፤ ሜዳ ላይ እየታደረ መድኃኒት አይዋጥም። ይሄ ሦስተኛው ነው። ነርሷ 'ለብቻህ፣ ጣራ ሥር ተኛ፤ ይሄን ካቋረጥክ ሌላ የለኝም' ብላኛለች።" ፊቱን አዙሮ ሳለና "አባቴ እዚህ የኖረው እኔ እዚያ ስለኖርኩ ነው" አለ።

"እቴነሽ?"

"ይህችን ቤት በእጄ ነው የማውቃት። ከአልጋው እስከ በር ስድስት እርምጃ፣ ከበር እስከ ቧንቧ አርባ ሁለት። እዚህ ሰው ነኝ። ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁኝ እጄን ዘርግቼ ቤተ ክርስቲያን በር ነው የምቀመጠው።"

"አንቺስ፣ ውድነሽ?"

"ጌጡ የሚያውቀው ደጅ ይሄ ነው። እኔ የሱን ቁጥር አላውቅም፣ እሱም የኔን። በሕይወት ካለ፣ ሲመጣ እዚህ ነው የሚያንኳኳው። ሌላ ሰው ከከፈተለት ሞቱ ብሎ ይመለሳል።" ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። "እኔ እንኳ የትም እወድቃለሁ። ይሄ የት ይወድቃል?"

አቶ ወንድይፍራው ራሳቸውን አከኩ።

"የአንድ ሰው ልጆች አይደላችሁ እንዴ? በአንዳችሁ ስም ይሁንና ለምን አብራችሁ አትኖሩም?"

ይህን ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። እኔም አስቤው ነበር።

ዘርጋው ከመጣ ጀምሮ ነፋሱ ከሕፃኑ ወደሱ በሚነፍስበት በኩል ነበር የሚቀመጠው። "እኔ የምተነፍስበት ክፍል ውስጥ ይህ ልጅ አይተኛም" አለ። "እስር ቤት ከጎኔ ተኝተው ያልተነሱትን አውቃለሁ። እቴም ብትሆን፣ የተፋሁትን ሳታይ ትረግጠዋለች።"

"እሺ፣ እቴነሽና ውድነሽስ?"

እቴነሽ እጆቿን ጉልበቷ ሥር ደበቀች።

"ከሕፃኑ ጋር አታኑሩኝ፣ ጋሼ። እጄን ፈርቼዋለሁ።"

ጸበል የሄደችበት ምክንያት ይህ ነው። ማስረሻ የሁለት ወር ልጅ ሳለ የፈላ ውሃ አውርዳ፣ ባዶ ነው ባለችው መሬት ላይ ስታስቀምጥ ልጁ እዚያ ነበር። እግሩ ላይ እስከዛሬ ጠባሳ አለ። ያን ሳምንት ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች። ዓይኗን ልትታከም ነው የሄደችው ይሉ ነበር፤ እሷ ግን ሽሽቷ ከገዛ እጇ ነው።

"እትዬ፣ እኔ ይቅር ብያለሁኮ" አለች ውድነሽ።

"አንቺ ይቅር ብለሻል። ውሃው ይቅር አይልም።"

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ክፉ ቢሆን ፍርዱ ቀላል ነበር። ተጣልተው ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቅ ነበር። እነዚህ ግን አንዱ ለሌላው ሲሳሳ ነው አንድ ጣራ የማይበቃቸው። ፍቅር እንዲህ ሰው ሜዳ ላይ ይጥላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹም አልተስማሙ።

"የታሰረ ይቀድማል" አሉ አንደኛው። "ስድስት ዓመት ከወጣትነቱ ቆርጦ ሰጥቷል። ያ ባይሆን ቤቱም አባቱም ያን ጊዜ አልቀው ነበር።"

"ሃያ ዓመት ዝር ያላለ!" አሉ ሁለተኛው። "አባት በእስር አይጦርም፤ በእጅ ነው የሚጦረው። ዓይኗን ያጠፋችው እዚህ፣ ትዳርና ልጅ የተወችው እዚህ። ለእቴነሽ ነው።"

"ሁለታችሁም ስለኖሩት ነው የምታወሩት" አሉ አቶ ወንድይፍራው። "ገና ያልኖረውስ?"

"ውድነሽ ባዳ ናት፣ ወንድይፍራው።"

"ባዳ ትላታለህ? አንተ ስትሞት ማን ሊጠራልህ ነው?"

"እሷም ብትሆን ሲሞት አልነበረችም!" አሉ ሁለተኛው በንዴት።

ያኔ ውድነሽ አንገቷን ደፋች። እቴነሽ ግን ድምፅ ወደመጣበት ዞረች። "እኛስ ነበርን?" አለች። 

ቅጹ ፎቶ ስለሚፈልግ አቶ ወንድይፍራው "የማንም ይሁን፣ ያላችሁን ፎቶ አምጡ" አሉ። ማናቸውም የላቸውም። ውድነሽ የአማቷን የእንጨት ሣጥን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። እጅጌው ውስጥ እጇን ብታስገባ በክር የታሰረ ትንሽ ጥቅል አገኘች። ሦስት ፎቶ ነው፤ ሦስቱም በመታወቂያ ልክ የተቆረጠ።

አንዱ ዘርጋው ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ከመታሰሩ በፊት ከተነሳው ትልቅ ፎቶ ላይ ፊቱ ብቻ ተቆርጦ የወጣ። አንዱ እቴነሽ ናት፤ ዓይኗ ገና ሳይደበዝዝ ቀጥ ብላ የምታይ። ሦስተኛዋ ውድነሽ ናት፣ ሕፃኑን እንዳቀፈች፤ ልጁ ተንቀሳቅሶ ፊቱ ጭስ መስሏል። አጥናፉ ያነሳው የመጨረሻው ፎቶ ይህ ነው። ያጠበችውም እቴነሽ ናት፣ ዓይኗ ጠፍቶ፣ በትንፋሿ ቁጥር ሰዓቱን እየለካች። የሕፃኑን ፊት አላየችውም።

እንግዲህ አጥናፉ ሊያስመዘግባቸው አስቦ ኖሯል። ቆርጦ አዘጋጅቷል፤ ቀበሌ ሄዶ መስጠት ግን ፈርቷል። ሦስት ብሎ ቢሰጣቸው ስንት እንደሚተርፉለት አላወቀም። የጌጡ ፎቶ ከመካከላቸው የለም። ለምን እንደሌለ የጠየቀ የለም፤ ውድነሽም አልጠየቀችም።

አቶ ወንድይፍራው ሦስቱን ፎቶ ቅጹ ላይ ደረደሩ። ፎቶ የሚለጠፍባት ሳጥን አንዲት ናት። ሙጫ ቀቡባት። ቀበሌው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ አሁን አሥራ አንድ ሆኗል።

ሦስቱ በረንዳው ጫፍ ተቀምጠዋል። ዘርጋው አፉን በነጠላው ጫፍ ይዟል። እቴነሽ የቤቱን ግድግዳ በጀርባዋ ተደግፋ በጣቶቿ ትዳስሰዋለች። ማስረሻ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ አጎቱን አየና ሳቀ፤ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ወደሱ ተንጠራራ። ውድነሽ ደንግጣ ያችን እጅ ያዘችና ጨብጣ ዘጋቻት። ዘርጋውም ፊቱን አዞረ።

እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ሳላስበው ወገኔን አሳውቄ ከሆነ እዘኑልኝ፤ ካላሳወቅሁ ደግሞ እናንተ ፍረዱ። ሙጫው እየደረቀ ነው። በወጣትነቱ ለገዛት፣ በዓይኗ ለከፈለችባት፣ ወይስ በትንፋሿ ላቆመቻት፤ ቤቲቱ የምትገባው ለማን ነው? ያንን ስትናገሩ ደግሞ የቀሩትን ሁለቱን ፊታቸውን እያያችሁ "ውጡ" የምትሉበትን ቃል ንገሩኝ።